አምስት ደቂቃ

ዝናብ ከጂሬን ወርዶ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ፣
ስልኬን ከስኳር ጣሳ አስደግፌ አስተምራለሁ ስለ ክብ።
አርባ አንድ ስም አለኝ፣ አርባ አንድ ጥቁር መስኮት፣
ሳል የሌለበት ክፍል፣ ሳቅ የሌለበት ቤት።
«ይሰማል?» እላለሁ፤ ድምፄ ተመልሶ እኔው ላይ ይወድቃል፤
ነኢማ አውራ ጣት ትልካለች፤ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይደርቃል።
የክቡን ዙሪያ ስለካ ጀርባዬን ለነሱ አዙሬ፣
ስሞቹ ያልቃሉ ከስልኬ፣ እንደ ቆሎ፣ ፍሬ በፍሬ።

ሰልችቶኝ ይሁን፣ ተስፋ ቆርጬ፣ እንጃ፣
አንድ ቀን
«ተነሱ!» አልኩ።
«ከተቀመጣችሁበት ተነሱ። አምስት ደቂቃ ነው፣ ሂሳቡ ይቁም።
ክብ ነገር ፈልጋችሁ አምጡልኝ፤ ሽልማቱ መጠራት ነው በስም።»

መጀመሪያ ማንም። ቆይቶ አንድ መስኮት በራ፤
ዘቢባ ከነእንፋሎቱ የድስት ክዳን ይዛ፣ እናቷ ከኋላ ስትጣራ።
ገመቹ የባጃጅ ጎማ አንከባለለ፣ ጭቃው ምንጣፉን ሞላ፤
ነኢማ ግማሽ ብርቱካን አሳየች፤ ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ተበላ።
አንዷ ሕፃን ወንድሟን ብድግ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ የሱ ጭንቅላት!»
ሳቁ ስልኩን አንቀጠቀጠው። ስንት ወሩ ነው ከሰማሁት?

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤ ሃያ ደቂቃ ቁጥር፣ አምስት ደቂቃ ጨዋታ።
አንድ ቀን «እንቆቅልሽ!» ስል «ምን አውቅልህ!» በአርባ አፍ ጫጫታ፤
አንድ ቀን በአንድ እግር መቆም፣ እንደ ሽመላ፣ ዓይንን ጨፍኖ፤
አንድ ቀን መስኮት ከፍቶ ማዳመጥ፣ የሰሙትን መጻፍ ተሎ።
የመንደራዎቹ አዛን ጻፉ፣ ባጃጅ፣ ወፍጮ ቤት።
ሸምሲያ ከቆጪ፦ «ጉሬዛ፣ ዛፍ ላይ፣ ሲያጓራ።»
ከአዌቱ ማዶ ያለው፦
«ውሃው ብቻ።»

ርዕሰ መምህሩ ደወሉ፤ «ጊዜ ይባክናል ይላሉ ወላጆች።»
«አዎ፣ ይባክናል» አልኳቸው፤ «ግን ሠላሳ ሰባት ሆነዋል ልጆች።»

ቶሌራ ግን ስሙ ብቻ ይገባል፣ ስሙ ብቻ ይወጣል።
ሐሙስ ለት «እግር ያለው ነገር አምጡ፣ ሰው ያልሆነ» አልኩ።
ድመት መጣ። ዶሮ መጣ፣ እየተንጫጫ።
ከዚያ የሱ መስኮት በራ፤
ሂርማታ ጓሮ፣ የአናጢ ቤት፣ ፍቅፋቂ ጸጉሩ ላይ ተዘርቶ።
«ቲቸር» አለ፤ ድምፁ ጎርንኗል፣ ሳልሰማው አድጓል፤
«አጎቴ ጋ እየጠረብኩ ነው ትምህርቱን የምሰማው። እጄ ሥራ ይዟል።»
በርጩማ አነሳ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ዋንዛው ገና እርጥብ።
«ባለ አራቱ ይንገዳገዳል፤ እግሩ ስር ወረቀት እንጠቀጥቃለን።
ይሄ ግን ጭቃም ላይ፣ ድንጋይም ላይ፣ የትም ቢያኖሩት ይረጋል።
ለምንድነው?»

አምስቱ ደቂቃ አለቀ፤ «አለቀ» ያለ ግን የለም።
ሦስት ነጥብ ካርቶን ላይ ሳልኩ፤ ጥያቄው እንደ ዝናቡ አላባራም።
ገመቹ አራተኛ ጨመረ፤ ዘቢባ ተከራከረች፤
ድስቷ አርሮ ይሆናል፣ አልጠየቅኳትም።
ለሚመጣው ወር ያስቀመጥኩት ምዕራፍ ነበር፣ ገና ያልገለጥነው፤
ልጁ በመሮ ከፈተው።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ስልኩም ተከተለ።
ጨለማ ውስጥ ወንበሬ ተንገዳገደ፣ እንደ ሁልጊዜው።
ጎንበስ ብዬ ከአንዱ እግሩ ስር ዳበስኩ፤
የዓምናው የትምህርት ዕቅድ ነው፣
አራቴ ታጥፎ።