እጄ ላይ የቆመ ሰላም

ከባሕሩ ዝቅ ያለ፣ የኩታናድ ማሳ፣
ያቆመው ጭቃ ነው፣ በሰው እጅ የተነሣ።
አባታችን ሲሞት፣ ለሁለት ተገመሰ፤
ታችኛው ለኡሴፕ፣ ለወንድሜ ደረሰ፤
ላይኛው የእኔ ሆነ። በመካከላችን
አንድ የሳንቃ መዝጊያ፣ የውሃ በራችን።

አንድ የክረምት ሌሊት፣ ወንዙ ሲያገሳ፣
ግድቤ ሲሸረፍ፣ ሳንቃውን ላነሣ
ወጣሁ በጨለማ፣ ፋኖሴን አጥፍቼ፤
ተመለስኩ ወደ ቤት፣ የእሱን በር ከፍቼ።

ሲነጋ እሸቱ የለም፤ የመንደሩ ዳክዬ
ይዋኝበት ነበር። አጽናናሁት፣ ብዬ፦
«እግዜር ያመጣውን፣ ማን ይመልሰዋል?
ዝም ብለህ ተቀበል፤ እሱ ያውቅልሃል።»

እንዲህ አልኩ። በእግዜር ስም፣ እጄን ታጠብኩበት።
ኡሴፕ ጀልባ ሸጠ፤ የባንክ ዕዳ አለበት፤
ልጁ ማታይ ሄደ፣ ዶሃ፣ ግንብ ሊገነባ፤
እኔ ግን ተሾምኩኝ፤ የምጽዋቱ ገንዘብ በእጄ ወጣ፣ ገባ።

አሥራ ሁለት ዓመት፣ ደጁን እየሳምን፣
በአንድ ምንጣፍ ላይ፣ ጎን ለጎን ቆምን።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰላም ሲሰጣጡ፣
ከመንበሩ ጀምሮ፣ በእጅ ነው አመጣጡ፤
ካህኑ ለዲያቆን፣ እሱም ለሰው በእጁ፣
ከመዳፍ መዳፍ ላይ፣ ይወርዳል እስከ ደጁ።

የጾም መግቢያ ዕለት፣ ሰላሙ ደረሰኝ፤
ወደ ኡሴፕ ዞርኩ፤ እጄ አልታዘዘኝ።
ያቺው እጅ ነበረች፤ ሳንቃ የነቀለች፤
ጭቃዋ ሳይደርቅ፣ ሰላም ይዛ ቀረች።
ከእሱ ወዲያ አንድ ሕፃን፣ አቻማ ዐይነ ስውር፣
መዳፉን ገልጦ ሰልፉ፣ ይጠብቅ ነበር።

ቅዳሴው ሳያልቅ፣ ጫማዬን አንሥቼ
ወጣሁ። በዚያው ገባሁ፣ የቤቴን በር ከፍቼ።
ለሚስቴ ለአሌያማ፣ አስቀድሜ ነገርኳት፤
ዓሣ ትበልት ነበር፤ ቢላዋዋ ቆመባት።
«ልጆቼን ያጠባሁ፣ በማን ሩዝ ነው?» አለች፤
ከዚያ በቀር ቃል የላት፤ ጀልባውን ፈታች።

ኡሴፕ መረብ ይጠግናል፣ ከቤቱ ደጃፍ።
ነገርኩት፤ ከሳንቃው እስከ ፋኖሱ ጫፍ።
የጠበቅሁት ጥፊ፣ የጠበቅሁት እንባ፣
አንዱም አልመጣም፤ ክሩን በመርፌ አስገባ።

«የእኔስ» አለ ቆይቶ፣ «አርባ ሁለት ጆንያ፤
ትከፍላለህ፤ ዓመት አለ፣ አለ ገበያ።
ከእግዜር ጋራ ግን፣ ያጣላኸኝስ?
አምኜህ ነበር እኮ። ቆሜ ሳስቀድስ
ከንፈሬ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት
አላናገርኩትም፤
ባልሠራው ስከሰው ኖርኩ፣ በአንተ ጥፋት።»

ይህን አላሰብኩም። ሩዙን ስቆጥር ኖሬ፣
የሰው ጸሎት መስጠሙን፣ ገና ሰማሁ ዛሬ።

የምጽዋቱን ቁልፍ፣ ለደብሩ መለስኩ፤
ዘንድሮ ላይኛውን፣ ለኡሴፕ ዕዳ አረስኩ።
በሚቀጥለው እሑድ፣ ሰላሙ ሲወርድ፣
እጄን ዘረጋሁለት። አላየኝም፤ መዳፉ ብርድ።
ግን ተቀበለው። ሌላ ምንም ሳይሰማ፣
ለሕፃኑ ሰጠው፤ ሕፃኑ ለአቻማ።

እስከ ሰኔ ድረስ፣ አንድ ቃል አልወጣው።
የመጀመሪያው ዝናብ፣ ግድቡን ሲያናጋው፣
ሌሊት ደጄን መታ፣ በጭቃ ርሶና፦
«ሳንቃው ላላ» አለኝ፤
«ፋኖስ አብርተህ ና።»