ከቁልፉ በኋላ፣ ከሞተሩ በፊት

ቁልፉን ሳዞር፣ ሞተር ሳይነሣ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል፣
ከኋላ ወንበር ሥር አንዲት ድምፅ ነበረች፣
ጠርሙስ እንደ ገባች ንብ፣ ዝዝዝ የምትል።
አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ፣ እሷም ዝዝ እያለች፤
አንድም ቀን አልሰማኋት።
የሰማኋት ጣርማበር ላይ ነው፣ ዝም ያለች ዕለት።

ከሸዋሮቢት ወበቅ በጠዋት ወጣሁና
ሦስት ጆንያ ሽንኩርት፣ ሁለት ሰው ጭኜ፣
«ቆሎ! ቆሎ!» ሲሉኝ ሳልቆም ደብረሲና፣
ዳገቱን ተያያዝኩት በኮሮላዬ ተማምኜ።
ከዋሻው አፍ ሦስት መታጠፊያ ሲቀር
ሳል ጀመራት፤ አንዴ፣ ሁለቴ።
ነዳጅ ብረግጥላት እንደ ለገመች በቅሎ ቆመች ከፊቴ።
ከዚያ ጉሙ መጣ። ከዚያ ምንም ነገር።

«ባትሪ ነው» አለ የመሬት ቢሮው ሰው፣ ከረባቱን እያላላ።
የሽንኩርቱ ባለቤት ደግሞ «ካንዴላ ነው፣ ካንዴላ!»
(በዕድሜው ከአህያ በቀር የነዳው የለም።)
ፊውዙን አየሁ። ኮፈኑን ከፍቼ እንደ ሐኪም ቆምኩ።
ክራንኩ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም።
ደግሜ ቁልፉን ነካ አድርጌ ጆሮዬን ጣል አረግኩ፦
ያቺ ንብ የለችም።

ገፍተው አዞሩኝ። ቁልቁል፣ በባዶ ማርሽ፣
ፍሬኑ ድንጋይ ሆኖ፣ መሪው እንደ ወፍጮ መጅ ከብዶ፣
ገደሉ ከጎኔ፣ ድምፅ በሌላት መኪና
የነፋስ ፉጨት ብቻ ይዤ ተመለስኩ ደብረሲና።

ዘውገ ወንበሩን ነቀለ፤ ክዳኑን ፈታ፤
ከሰልባትዮው መዘዛት፤ ጠቁራ ወጣች።
አሸተታት። «ይህቺማ ተቃጥላለች።
ቀይ መብራቷ ስንት ጊዜ በራ?»
«ጠፍታ አታውቅም» አልኩት፣ «ለኔ የቤት ኩራዝ ናት።»
አልሳቀም። እጁን በጨርቅ ጠረገ።
«ቤንዚኑ መጠጧ ብቻ መሰለህ? መታጠቢያዋም ነው።
ጠልቃ ካልተቀመጠች በገዛ ሥራዋ ትግላለች።
በሁለት ሊትር፣ በሦስት ሊትር የሚነዳ ሰው
ቆጠብኩ ይላል፤ እሷን እሳት ላይ ጥዷት ነው።»

እንዲህ ነው ለካ።
ያለው ሰው ሞልቶ ይቀዳል፤ ፓምፗ ቀዝቅዛ ታረጃለች።
የኔ ቢጤው በስኒ በስኒ ይገዛል፤
ስኒዋ ተጠራቅማ ቤቱን ትጠጣለች።

«ኦሪጅናሉ ሃያ ስድስት ሺህ» አለ ዘውገ፣ አቀርቅሮ።
«የቻይናው አሥራ አንድ፤ ዕድሜዋን እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።
ከተፈታ መኪና የወጣች ስምንት፤ እሷም የሰው በሽታ ናት።
የእጄን ሁለት ሺህ፤ ስለ ሽንኩርቱ ብዬ ነው የቀነስኩት።»
በጣቴ ቆጠርኩ። ጣቴ አለቀ።
ኪሴን አልቆጠርኩም፤ አውቀዋለሁ።

ደብረብርሃን ደወልኩ፣ ለየሸዋሉል።
በእጇ ያለው የዕቁቡ ነው፤ ባለፈው እሑድ ደረሰን፤
የሰሜኑን ግድግዳ ልናስለስንበት ነበር፣
ውርጩ በጭቃው ስንጥቅ ገብቶ ሌሊት አላስተኛ ብሎን።
«ስንት?» አለች።
«የቻይናዋ... ከነእጁ... አሥራ ሦስት።»
ዝም አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ዝምታዋን አልሰማም ነበር።
ስልኩ ተዘጋ።

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። የሽንኩርቱ ባለቤት አላየኝም፤
የመሬት ቢሮው ሰው በሌላ መኪና ሄዷል፣ ሒሳቡን ሳይከፍል።
ጉሙ ከላይ እየወረደ የገበያውን ሰው አንድ በአንድ ሲያጠፋ፣
ኪሴ ውስጥ ዝዝዝ አለ።
አሥራ ሦስት ሺህ ብር። ከሥሩ፦ «በልተሃል?»

ወደ ማታ አዲሷ ገባች። ቁልፉን አዞርኩ፣ ግማሽ ብቻ።
ዝዝዝ።
መልሼ አጠፋሁ። ደግሞ አዞርኩ።
ዝዝዝ።
«አስነሣት እንጂ፣ ምን ታጫውታታለህ!» አለ ዘውገ።
«ቆይ» አልኩት። «ቆይ፣ አንዴ።»

ማደያው ጋ ልጁ ቱቦውን ይዞ «ልሙላልህ?» አለኝ።
አፌ «ሙላው» ሊል ደርሶ ነበር።
«የአራት መቶ» አልኩ።
ቀይዋ መብራት ጠፋች።
ጣርማበር ላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ዳግመኛ በራች።