ሦስተኛው ችካል

ሰሪ ይሏታል ስሟን፤ ትርጉሙን ባያውቁትም፣
በኛ ፊደል ሲጻፍ ሐሰት የለበትም፦
ከቫንኩቨር ማዶ፣ ወንዙን ተሻግራ ያለች፣
ስትሠራ ትውላለች፣ ስትሠራ ታድራለች፣
ትናንት ብሉቤሪ፣ ዛሬ ሰማይ ታርሳለች።

በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ወለል ይጨምራል፣
ክሬኑ እንደ ሽመላ አንገቱን ያዞራል።
ታርሰም ከአጥሩ ሥር፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣
ይቆጥራል በጣቱ፣ ከንፈሩን ከድኖ።
በመጋዝ ቤት ያረጀ፣ ግንድ ሲሰነጥቅ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ልኬት የሚያውቅ፣
ሁለት ጣቱን ለመጋዙ ግብር የከፈለ፣
በቀሩት ስምንቶች ቆጥሮ ያልተታለለ።

በመስከረም አንድ ቀን፣ ልክ ዘጠኝ ተኩል፣
ጥላው አጥሩን ዘለለ፣ እንግዳ ሳይመስል፤
ቀስ ብሎ አለፈና የካሮቱን መደብ፣
አብሹ ላይ ተኛ እንደ ጠገበ ድብ።

ታርሰም አልተሳደበም፤ ችካል ጠርቦ መጣ፣
ጥላው በረገጠበት፣ በገባ በወጣ፣
በየግማሽ ሰዓቱ መሬት ላይ ቸከለ፤
ክሱን በእንጨት ጻፈ፣ ማስረጃ ተከለ።

ማዘጋጃ ቤት ሄደ።
ሦስት ደቂቃ ሰጡት፣ ማይክራፎን ፊት።
አረንጓዴ መብራት፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ።
«መስታወት አልጠላም። ፎቅ አልጠላም። ፀሐይ
ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው ከአብሼ ተነሥታ የምትሄደው፤
ሸጣችኋት እንደሆን፣ ገዝቶ ማነው የወሰደው?»
ቀዩ በራ። አመሰገኑት፣ ስሙን ሰባብረው፤
ቀጣዩ ሰው የውሾች መናፈሻ ጉዳይ ነበረው።

ፎቁ ግን አደገ። መስታወት ለበሰ፣
መጋረጃ ሰቀለ፣ መብራት ለኮሰ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ደጃፉ ላይ ወድቋል የሌላ ሰው አደራ፦
ሉዝቪሚንዳ ማካራዬግ፣ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ።
ጥምጣሙን አጠበቀ፣ ጠላት ቤት እንደሚዘልቅ።

አሳንሰሩ ውስጥ ቁልፎቹን አነበበ፦
አራት የለም። አሥራ ሦስት የለም። አሥራ አራትም። አሰበ።
ሃያ አራትም የለም። የመጥፎ ዕድል ቁጥር
እንደ ወላቃ ጥርስ አራት ጎድሎ ነበር።

በሩን ከፈተችው፣ ገና ከእንቅልፍ ነቅታ፣
የሌሊት ተረኛ ነርስ፣
ገልብጣ የለበሰችውን ፒጃማ ረስታ።
«እኅቴ» አለ ታርሰም፣ «ሳልነግርሽ አልሄድም፤
ሃያ ሰባተኛ ላይ ነሽ። ሠላሳ አንድ አይደለም።
ሲሞላ ቆጥሬያለሁ፣ ሐሙስ በሐሙስ፣ አንድ በአንድ።»
«ኪራዩን ግን» አለች፣ «የምከፍለው የሠላሳ አንድ!»

ሣቁ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ታች አየና ዝም አለ።
ያ ባላጋራው ጥላ፣ ከዚህ ሲታይ ቀለለ፤
እንደ ሰዓት ዘንግ ቀጥኖ ከጣራ ጣራ ሲያልፍ፣
የልጁ ኳስ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የጠፋው፣
ቁጭ ብሏል በገዛ ጣራው፣ ከአሸንዳው ጫፍ።

«ደወል የለኝም» አለች፣ ጣቷን ቀስራ፣
«ያቺ አረንጓዴ ግቢ ትታይዎታለች? በተራ
እንጨት የተከለ ሰውዬ አለ። ለምን እንደሆን እንጃለት።
ጥላው ሦስተኛው እንጨት ሲደርስ ግን፣ ለእኔ ነው ሰዓት፤
ከትራሴ ሆኜ አይቼ፣ ተነሥቼ ሩዝ እጥዳለሁ፣
አንድ ቀን አላረፈድኩም። ባገኘው አመሰግነዋለሁ።
ዛሬ ግን እርስዎ ቀደሙት።»

ታርሰም ያ ሰው እኔ ነኝ አላለም።
ካርቶኑን አስረክቦ ወረደ፤ አሳንሰሩ ውስጥ ማንም የለም።
ማታውን የሚስቱን ቀይ ሻሽ ከሣጥኑ አውጥቶ፣
ሦስተኛው ችካል ላይ አሰረ፣ ጫፉን ዘርግቶ።

ፀሐይ በቃሏ አትጸናም፤ ሰኔ ላይ መንገድ ትቀይራለች፣
ጥላውን በሌላ በር፣ በሌላ ሰዓት ትልካለች።
ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ፣
ችካሉን ይነቅላል፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ ወደ ጎን እየጎተተ።
እንዳታረፍድ ነው።

ባለፈው ደላላ መጥቶ በጎረቤት አጥር ሰሌዳ ሰቀለበት፣
«ባለ አርባ ሁለት ፎቅ ሊሠራ ታቅዷል» የተጻፈበት።
«ከዚህ ውስጥ» አለ ታርሰም፣ «የምትዘሏቸው ስንት ናቸው?»
መልስ አልጠበቀም። መጋዙን አነሣ። እንጨቶቹን ቆጠራቸው።