የተጻፈልኝ ልደት

ንየት፣ ትናንት ማታ ሻንጣሽን ሳትፈቺ፣
"የቱን ልቅመስ መጀመሪያ? የቱን ወደድሽ አንቺ?"
ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ በዚያ የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ፣
ግማሹን በእጅ እያሳየሽ፣ ግማሹ በሳቅ ሲንቋቋ።

ስለ ኪምቺ አልነግርሽም፤ ኪምቺ ጠበቃ አያሻውም፣
ሦስት ወር ትሸሺዋለሽ፣ በአራተኛው ግን
ያለ እሱ ሩዙን ጉሮሮሽ አይቀበለውም።
ጥብስ ቤቶቹንም ተያቸው፤ ጭሳቸው ራሱ ይጠራሻል፣
ደመወዝ የወጣ ለት እግርሽ ይወስድሻል።

እኔስ የማወራሽ ከታች ስላለችው ጠባብ ቤት፣
አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ ሁለት ሽማግሌ ስላሉባት።

ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ ከባሕር ወጥቶ ግድግዳውን ሲያልበው፣
ማልሱን አኩሪ አተር ፈጭታ፣ በስስ ጨርቅ ጨምቃ
እንደ ላም ስታልበው፣
በረዶ ጣል አድርጋ፣ ቀጭን ፓስታ ዘፍቃ፣
"ኮንግጉክሱ!" ብላ ታቀርባለች፤
ጠቡ የሚጀምር ያኔ ነው በቃ።
እሷ የቶንግዮንግ ልጅ፣ "ጨው ነው" ትላለች፣ "ጨው!"
እሱ፣ ደክፓል፣ የሞክፖ ሰው፣
"ያለ ስኳር ማን ሊበላው ነው?"
አርባ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ፣ በአንድ ድስት ኖረው፣
በአንድ ሳህን ጉዳይ አስታራቂ አጥተው፣
እኔን ዳኛ አደረጉኝ። ፍርድ እንዳላጓድል ፈርቼ፣
ተነሣሁ ግማሹን በጨው፣ ግማሹን በስኳር በልቼ።
(ስኳሩ ይሻላል። ይህን ማልሱን ከሰማች፣
የቤት ኪራዬን በማግስቱ ትጨምራለች።)

ደግሞ ድስቱ ሥር የያዘው ሩዝ አለ፣ ያረረው፣
ውኃ ተጨምሮ ፈልቶ፣ ምሳን እንደ ምርቃት የሚዘጋው።
ዋጋ የለውም፤ ከግድግዳው ዝርዝር ላይ አልተጻፈም፣
ጠይቀሽ አታገኚውም፤ ቤተኛ ስትሆኚ ግን አይቀርም።

አሁን ወደ ሾርባው።
                       ያለፈው ኅዳር፣ ገና ሳይነጋ፣
በሬ ተንኳኳ፤ ማልሱን ቆማለች ድስት ይዛ፣
ትንፋሿ በውርጭ እየረጋ።
ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ ከባሕር የተነቀለ፣
በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ፣ ከሥጋ ጋር የበሰለ።
"ዛሬ ልደትሽ ነው" አለች፤ "መታወቂያሽ ላይ አይቻለሁ።"
ልደቴ? እኔ ልደቴን መች አውቃለሁ?
እናቴ፣ "ወንዙ ድልድዩን የበላ ሌሊት" ትል ነበር ስትቆጥር፣
ፓስፖርት የሚጽፈው ሰው ግን ድልድይ አያውቅ፣ ይፈልጋል ቁጥር።
ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አየ፣
"ኖቬምበር ሃያ" ብሎ ጻፈ፤ ልደቴ ከእኔ ተለየ።

ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት በማንኪያ አጎረሰችኝ፣
"ይህ ለአንቺ አይደለም" አለች፣ ትክ ብላ እያየችኝ፤
"የወለደች ሴት ናት የምትጠጣው፣ ደሟ እንዲተካ፤
ልጅም በየዓመቱ ይጠጣዋል፣ የእናቱን ምጥ ሊለካ።"

እናቴ በዚያ ሌሊት ትኩስ ነገር ቀምሳ እንደሆነ አላውቅም።
ቅጠሉ ልስልስ ነው፣ ይንሸራተታል፣ ጥርስ አይጠብቅም።
ድስቱን ጨረስኩት።

በማግስቱ የቋንቋ ፈተና ነበረኝ፤ ወደቅሁ፣
ደክፓል ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ ያልሳቅሁ።
ለካ እዚህ አገር ሚዮክጉክ ጠጥቶ ፈተና አይገባም፣
የያዝሽው ሁሉ ይንሸራተታል፣ ጥናትሽ አይረባም።

ስለዚህ ንየት፣ "የቱን ልቅመስ?" ላልሽኝ መልሴ ይኸው፦
መጀመሪያ መታወቂያሽን ጠረጴዛዋ ላይ እርሺው።
ቀኑ ልክ ይሁን አይሁን፣ አንድ ንጋት ትመጣለች፣
አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ጉልበቷን ይዛ ትወጣለች።
በሩን ቶሎ ክፈችላት፤ ድስቱ ይከብዳታል።
በማግስቱ ፈተና ቢኖርሽም ጠጪ፤
ፈተናው ሌላ ጊዜ ይመጣል።