ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ

እኔ ስልክ ያዥ ነኝ፤ ደመወዜ ዓሣ፣
ክንዴ እስኪደነዝዝ መብራት የማነሣ።
ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ በኢስታንሲያ ዳርቻ፣
አክስቴ ኤርሊንዳ ከንፈሯን ብቻ
ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣
የደረቀ ዓሣዋን በሰፌድ ዘርግታ፣
"ላይቭ ገባን?" ትላለች።
"ገባን" እላታለሁ፤
ከዓይን ምልክቱ ጎን ቁጥር አነባለሁ፦
ሦስት። ቆየት ብሎ ሰባት። አሥራ አንድ።
ግማሹ ደንበኛ፣ ግማሹ ዘመድ።

ስልክ ሽታ አይሸከም፤ ያ ነው መከራችን።
ድሮ ለመንገደኛ ሽታው ነበር ምልክታችን።
አሁን ግን አክስቴ ሽታውን በቃል ትሥላለች፤
"ሦስት ፀሐይ የጠጣ፣ ሌሊቱን ጨው ያቀፈ" ትላለች፤
ጅራቱን ወደ ስልኩ አስጠግታ ትሰብራለች፦
ቀጭ!
ያኔ ልብ ይጎርፋል፣ ቀይ ልብ፣ እንደ አረፋ፣
እንደ አረፋም ሆኖ ሳንጨብጠው ይጠፋ።
አንድ ማታማ፣ ሁለት መቶ ሰው ወዶት፣ ዓሣችን ተወደደ፤
ወደ ኪሱ ግን እጁን አንድም ሰው አልሰደደ።

"የኔ" ብሎ የጻፈ ወሰደ፤ ይህ ነው የገበያው ደንብ።
እኔ ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብ፣
እሷ በላስቲኩ ላይ በወፍራሙ ትጽፋለች።
ስንቱ "የኔ" ብሎ ጠፋ! ስንቱን ላስቲክ መልሳ ፈታች!
(አጎቴም እንዲሁ ብሏት ነበር አሉ፣ በወጣትነቷ።
እሱን ተወው።)

አንዷ ግን አልጠፋችም፤ "ጨረቃ ሰባ ሰባት"፣
ፎቶዋ የአበባ ማሰሮ፣ ፊት የሌላት።
በየሳምንቱ ሁለት ኪሎ፤ ብሩም ሳይነጋ ይገባል፤
"ሮሜል ሱቅ አኑሩልኝ" ይላል መልእክቷ፣ ሌላ ምን ይላል?
አክስቴ ባሳለች ቀን፦ "ዝንጅብል አፍይና ጠጪ።"
አክስቴ ሳቀች። "የት አገር ነሽ" አለቻት፣ "የኔ ገዢ?"
መልስ የለም። አበባ ብቻ ላከች።
"የማኒላ ሀብታም ናት" ብላ አክስቴ አመነች፤
ሮሜል ሱቅ ማኒላ የለም፤ እኔም አልተናገርኩ።

ከቀርከሃው አጥር ማዶ ፌሊሲዳድ አለች።
የዓሣ ማድረቂያ ቆጥ አንድ ክንድ ድንበር አለፈ ብላ፣
ሰባት ዓመት ሆናት ከአክስቴ ከተጣላች።
አንዷ ብታስነጥስ ሌላዋ "ይማርሽ" አትል፤
የዓሣችን ሽታ ብቻ ነው በነጻ አጥሩን የሚዘል።

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ።
የሰፈሩ ካራኦኬ አፉን ዘጋ፤ ማራገቢያው ዝም፤
ከባሕሩ በቀር የሚተነፍስ የለም።
ስልኬ ግን ባትሪ ነበረው። ላይቩ ቀጠለ።
"ሁለት ኪሎ ብቻ ቀረ!" አለች አክስቴ።
አንድ። ሁለት።
ከአጥሩ ማዶ፣ ቀጠን ብሎ፣ የራሷ ድምፅ፦
"ሁለት ኪሎ ብቻ ቀረ!"

እኔ አጥሩን አየሁ።
አክስቴ ዓሣውን።
ሰዓቱ የት እንደደረሰ የማታውቅ መስላ
ዓሣ ገለበጠች፣ የተገለበጠውን መልሳ።
በስልኩ ላይ "የኔ" የሚል ቃል ብቅ አለ፤
ሳነበው ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ምንም አላለች፣
ሁለት ኪሎውን መዝና፣ ምራቂ ሦስት ዓሣ ጨመረች።

አጥሩ አልፈረሰም። ቆጡም አልተነሣ።
ጠዋት ከቧንቧው ስር ሲገናኙ፣
አንዷ ባልዲዋን፣ ሌላዋ ሰማዩን ያያሉ።
ላስቲኩን ዛሬም ሮሜል ሱቅ እወስዳለሁ፣
ሄጄ ሩብ ሰዓት፣ ሦስት እርምጃ ለሆነ ጉዳይ።

ማታ ግን፣ ሰፌዱ ሲራቆት፣
"ደህና እደሩ" ትላለች፣ ድምጿን ከወትሮው ዝቅ አድርጋ፤
ጣቴ ማጥፊያው ላይ ሲደርስ
በዓይኗ "ቆይ" ትለኛለች።
አንገቷን ወደ ቀርከሃው ሰበር አድርጋ ትሰማለች፤
እስኪመጣ፣
ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ፣
"ደህና እደሩ።"
ያኔ ነው፦
"አሁን አጥፋው።"