ጥላ ጠጋኙ

ኢቱፕ፣ ዛሬም ዘነበ፤ ቦዩ ሞልቶ ፈሰሰ፤
ከቬምባናድ ሐይቅ ተነሥቶ፣ ኮኮናቱ ሥር ደረሰ።
ደወሉን ሰምቼ ወጣሁ፤ ጀልባዬን ፈትቼ መጣሁ፤
ያንተን ወገን መቅዘፊያ ሳላስበው ይዤ ወጣሁ።
ሁለት ቀዛፊ የለመደች፣ አንድ ሽማግሌ ቢቀዝፋት
ዞራ ዞራ እዚያው ናት፤ አንተ ነህ የጎደልሃት።

ሰው ስለ ሞተ ሰው ሲያወራ መልካም መልካሙን ይመርጣል፤
እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ አንተንም ደስ ይልሃል፦
ዝማሬ አታውቅም ነበር።
ድምፅህ የዛገ ማጠፊያ፣ ከዜማው ሁሌ ዘግይቶ፤
እኛ «አሜን» ብለን ስንቀመጥ፣ ያንተ ይመጣል ብቻውን ጎልቶ።
ልጆች ይስቃሉ። ቄስ ማታይ ይጠብቃል መጽሐፉን ከፍቶ፣
የመጨረሻው አሜን እስኪደርስ፣ እንደ ጀልባ ወደብ ገብቶ።

በገበያው ጥግ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ሥር፣
ጉጠት፣ ሽቦ፣ ቀይ ክር፤ ይኸው ነበር ያንተ አገር።
አበቃላት የተባለች፣ አጥንቷ ያገጠጠ ጃንጥላ
ከእጅህ ስትወጣ እንደ ገና ትሆናለች ጥላ።
«ስንት ነው?» ሲሉህ፣ «ዝናቡ ሲያባራ እንተሳሰባለን» ትላለህ፤
በኩታናድ ዝናብ እንደማያባራ ከሁላችን በላይ ታውቃለህ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የቆመው በርሜል ጃንጥላ አጥቶ አያውቅም፤
የፈለገ ይውሰድ ነው፤ ማን መለሰ ብለህ አትጠይቅም።
እንጨት ነጋዴው ቫርኪ፣ ባለ ፎቁ፣ ሦስት ወሰደ፤
ነገርሁህ፤ ተናደድሁልህ፤ ፊቴ በቁጣ ነደደ።
«ታዲያ እኮ ሦስት ቀን ዘነበ» አልኸኝ፤ ነገሩ በዚያው ሄደ።

ውኃው ጣራ የነካ ጊዜ፣ ያን ዓመት ማን ይረሳል?
ያቺ አንዲት ፋኖስ ሌሊቱን ከቤት ቤት ትመላለሳለች፤ ሰው ይተርፋል።
ሳራማ ከጣራዋ ላይ «ዳክዬዎቼን ትቼ አልሄድም» ብላ ስታለቅስ፣
እኔ ስራገም አንተ ጫንህ፣ ሠላሳ ዳክዬ እስኪደርስ።
ላንተ ቦታ ታጣና ገመዱን ይዘህ ዋኘህ፤
«እኔም ዳክዬ ሆንሁ» አልህ፣ ሸሚዝህን እየጨመቅህ።

አንድ ዓመት አኮርፌህ ነበር፤ ሰበቡ ዛሬ ጠፍቶኛል፤
በየእሑዱ ግን ከጎኔ ነህ፤ ጣትህ የመዝሙሩን ገጽ ያሳየኛል።

የቀበርንህ ዕለት፣ ሣጥንህን በሰፊው ጀልባ ጭነን
ተሻገርን። ወደ ጉድጓዱ ስትወርድ፣ ዝናቡም ወረደብን።
ያኔ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ጃንጥላው ሁሉ ተከፈተ፤
በመቃብሩ ግቢ ላይ ጥቁር ጣራ ተዘረጋ፣ ሰማዩ ታየን የሞተ።
ቀና ብዬ አየሁ፤ ኢቱፕ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ላላ፤
አንድ እንኳ አልነበረም ቀይ ክርህ የሌለው ጃንጥላ።
የቫርኪም ሦስቱ ነበሩ፤ ለልጆቹ አድሎ፣ እሱ ባዶ ራሱን መጥቶ፤
የማናውቀው ሰው ሳይቀር፣ ከማዶ መንደር ተጠርቶ፣
ሕዝቡ በስፌትህ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጠግቶ።

አንተ ብቻ ረጠብህ።

ኤሊያማ ጉጠትህን ሰጠችኝ፣ የቀይ ክርህንም ጥቅልል፤
አንዲት ልጠግን ብዬ ጣቴን ወጋሁ፤ በርሜሉም ይኸው ይጎድላል።
«ጥሎን ሄደ» ይላሉ፤ እኔ ግን ልብ ብዬ ሳየው
አንዲት ቃል አጉድለዋል፤ ጥላ ጥሎልን ነው የሄደው።

ዛሬ እሑድ ነው። ጸሎቱ አበቃ፤ «አሜን» ብለን ተቀመጥን።
ቄስ ማታይ መጽሐፉን አልዘጋም። ጠበቀ። እኛም ጠበቅን።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል…
ኋላ እኔ፣ ዝማሬ አዋቂው፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
ሆን ብዬ ዘግይቼ፣ ድምፄን የዛገ አድርጌ፣
«አሜን» አልሁ።

ልጆቹ ሳቁ።