ላይኛው መደርደሪያ

ሱቄ ሂርማታ ነው፣ መሀል ገበያ፤
ሁለት ረድፍ አለኝ የመጫወቻ መደርደሪያ።
ላይኛው የታሸገ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣
ሳይቀደድ የማይታወቅ ከውስጡ ማን እንደሚወጣ፤
ታችኛው የነስሩ ጉሬዛ፣ ከዋንዛ የተፈለፈለ፣
ጭራው ነጭ፣ ዓይኑ ንቁ፣ አዌቱ ዳር ዛፍ ላይ እንዳለ።

ልጆች ከትምህርት ሲለቀቁ ካርቶኑን ያነሳሉ፣
ጆሯቸው ሥር ነቅንቀው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤
«ክንፋሙ ቢሆንስ?» ይባባላሉ።
ጉሬዛውን አንዷ ብቻ አነሳችው።
«ይሄ የነስሩ አይደል? የጎረቤታችን?»
መልሳ አስቀመጠችው።

ያኔ ገባኝ።
ነስሩን ማን ያጣዋል?
ዕዳውን፣ ሳሉን፣ የጎደለ ጣቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።
የሚያውቁትን ሰው እጅ
በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?
ያኛውን የሠራው ሰውም ይስል ይሆናል፣ ይበደር ይሆናል፤
ሳሉ ግን ጅማ ድረስ አይሰማም።

ቅዳሜ ነስሩ መጣ። በወሩ አንድ ጉሬዛ ተሽጦ፣
ሂሳቡን ሰጠሁት። ቆጠረው ምራቁን ውጦ፣
ደግሞ ቆጠረው።
ከዚያ ቀና አለና ወደ ላይኛው ረድፍ፣
«ለረውዳ» አለኝ፣ «ለልጄ፤ አንዱን አውርድልኝ እስቲ።»
ዋጋ አልተከራከረኝም።
እንጨት በለመደ እጁ ካርቶኑን ይዞ
ጆሮው ሥር ነቀነቀው።